የቤታችን እሳት፤ ሙቀቱን አስቀርቶ መርዙን ስለ ማስወጣት

እሳት ለሰው ልጅ ከተሰጡት ስጦታዎች ሁሉ እጅግ የሚጠቅም፥ ያለ ጥንቃቄ ሲይዙትም እጅግ የሚጎዳ ነው። በቅዱስ ወንጌል እንደምናነበው፥ ሐዋርያው ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ በዚያ ብርዳም ሌሊት ፍሕም ከሚሞቁት ጋር ቆሞ ይሞቅ ነበር። ጌታችንም ከትንሣኤው በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር በፍሕም ላይ ዓሣ አዘጋጅቶ ደቀ መዛሙርቱን መግቧል። ሁለቱም እሳቶች የነደዱት ከቤት ውጭ፥ ነፋስ በሚያገኛቸው ስፍራ መሆኑን ልብ ይሏል።

በቤተ ክርስቲያናችንም ፍሕም የከበረ ሥፍራ አለው። ሊቃውንት እመቤታችንን በወርቅ ማዕጠንት፥ በማኅፀኗ ያደረውን መለኮትንም በፍሕሙ ይመስላሉ። በጽናው ላይ የሚጤሰው ዕጣንና ከርቤ ከሚለቀምባቸው የአገራችን ክፍሎች አንዱም የቦረናና የሊበን ቆላ ነው። ነገር ግን በቤተ መቅደሱ ውስጥ የሚገባው ፍሕም ጥቂት ነው፤ ጣራው ከፍ ያለ፥ በሮቹም ብዙ ናቸው፤ ካህኑም እያወዛወዘ ይዞ ይዞራል እንጂ አስቀምጦት አይተኛም። ያው ፍሕም በማንደጃ ተሞልቶ በጠባብ መኝታ ቤት በር ተዘግቶበት ሲያድር ግን የሞት ምክንያት ይሆናል። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ነው።

የቆላ ብርድ

ቆላ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሙቀትን ብቻ ነው። ነገሌ ቦረና ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ በ1,400 እና በ1,500 ሜትር መካከል ትገኛለች። ያቤሎና ሜጋ ደግሞ ከእርሷ ከፍ ይላሉ። ቦረናዎች ዓመቱን በአራት ይከፍሉታል፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዋናው የዝናም ወራት ገንና፥ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ደመናማና ብርዳም ደረቅ ወራት አዶሌሳ፥ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ትንሹ ዝናም ሀገያ፥ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ፀሓያማ በጋ ቦና ይባላል። ደጋው ክረምት ይዞት በሚዘንብበት በአዶሌሳ ወራት በነዚህ ከተሞች ዝናም ባይኖርም ነፋሱ ይበርዳል። በቦናም ቢሆን ሰማዩ ጥርት ብሎ በሚያድርበት ሌሊት ቅዝቃዜው ከቀኑ ሐሩር ጋር የማይገናኝ ነው።

የቆርቆሮ ጣራ ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፤ ፀሓይ ከጠለቀች በኋላ ግን የያዘውን ሙቀት ሁሉ ፈጥኖ ይለቅቃል። ስለዚህ ማታ ቡና ከተፈላ በኋላ የቀረውን ፍሕም ወደ መኝታ ቤት ማስገባት፥ በተለይም ሕፃን ወይም አራስ ባለበት ቤት፥ እንደ ደግነት የሚቆጠር ልማድ ሆኗል። በአንዲት ክፍል ቤት ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ ወይም ከሌላ አገር ተዛውሮ የመጣ ሠራተኛም እራቱን ባበሰለበት ከሰል ክፍሉን ያሞቃል፤ ነፋስ እንዳይገባም በበሩ ሥር ጨርቅ ይወትፋል። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ሆኖም የሞት በር የተከፈተው ያ ጨርቅ የተወተፈ ዕለት ነው።

የማይታየው መርዝ

እንጨት ሲነድ ጢሱ ዐይን ያስለቅሳል፥ ጉሮሮ ይከረክራል፥ ሰውን ሳይወድ በግድ ወደ ደጅ ያስወጣል። ጢስ ጎጂ ቢሆንም ራሱን የማይሰውር ጠላት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ ከቤት ውስጥ ጢስ የተነሣ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመላው ዓለም ሞተዋል። የቀላ ከሰል ግን ጢስ ስለሌለው ሰዎች ንጹሕ እሳት ይመስላቸዋል። እዚህ ላይ ነው ስሕተቱ።

ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አየር ይወጣዋል። ይህ አየር መልክ የለውም፤ ሽታ የለውም፤ አያስልም፤ አያስነጥስም። ወደ ሳንባ በገባ ጊዜ ኦክሲጅን ከሚሸከመው የደማችን ክፍል ጋር ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኀይል ይጣበቃል። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ ኦክሲጅን ያጣል። መጀመሪያ ራስ ምታት፥ ቀጥሎ ማዞር፥ ማቅለሽለሽና የጉልበት መዛል ይመጣል። ነቅቶ የነበረ ሰው ምናልባት ነገሩን ጠርጥሮ ይወጣ ይሆናል፤ የተኛ ሰው ግን ከእንቅልፍ ወደ ሞት ሲሻገር አይሰማውም። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ከሌላው ሰው ይልቅ ፈጥነው ይጎዳሉ፤ በማኅፀን ያለው ፅንስ የሚያገኘው ኦክሲጅን በእናቱ ደም በኩል ነውና።

ይህ የድኻ ቤት አደጋ ብቻ አይደለም። ስመ ጥሩው የፈረንሳይ ደራሲ ኤሚል ዞላ በመስከረም 1902 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ከተማ በመኝታ ቤቱ እሳት አስነድዶ ተኛ፤ የጢስ ማውጫው ተደፍኖ ስለ ነበር በማግሥቱ ሞቶ ተገኘ፤ ባለቤቱ ግን በሕይወት ተረፈች። የተማረም ያልተማረም፥ ሀብታምም ድኻም፥ መውጫ ባጣ እሳት ፊት እኩል ነው።

በየቤቱ የሚነገሩ አንዳንድ መፍትሔዎችም አሉ። ከማንደጃው አጠገብ በሳሕን ውሃ ማኖር፥ ሎሚ ወይም ጤና አዳም ማሽተት፥ ከሰሉ ፈጽሞ እስኪቀላ ጠብቆ ማስገባት የሚሉት ናቸው። ውሃው ይህን መርዝ አይስበውም፤ የጤና አዳሙም ሽታ ሽታ የሌለውን ነገር አያባርርም። ከሰሉ ሲቀላ የሚቀንሰው ጢሱ እንጂ መርዙ አይደለም። በዐመድ የተዳፈነ ረመጥ እንኳ ሌሊቱን ሙሉ ይህንኑ አየር ያወጣል።

የከሰል እውነተኛ ዋጋ

ከሰል የሚያስከፍለን በማዳበሪያው ዋጋ ብቻ አይደለም። በአፈር ተሸፍኖ በሚከሰልበት በልማዱ መንገድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት እስከ ዐሥር ኪሎ እንጨት ይጠፋል። አንድ ኪሎ ከሰል ደግሞ የሚሰጠው ሙቀት ከሁለት ኪሎ ደረቅ እንጨት ሙቀት አይበልጥም። ሰባት ኪሎ እንጨት ያከሰለ ሰው እንግዲህ የአምስቱን ኪሎ ሙቀት ማንም ሳይሞቀው በዱር በትኖታል ማለት ነው።

የማገዶ እጦት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1870ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የተቈረቈረችው አዲስ አበባ ጥቂት ዓመታት ሳይቈጠሩ በዙሪያዋ ያለው ዛፍ ስላለቀ፥ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ መቀመጫቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከተማዪቱን ካስቀሯት ነገሮች አንዱ ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። በነገሌ በኩል ያለው የጥድ ደን ግን እንደ ባሕር ዛፍ ሲቈረጥ ከጉቶው የሚያቈጠቁጥ አይደለም። አንድ ትልቅ ጥድ ለመተካት የሰው ዕድሜ አይበቃም።

በሌላ በኩል በቦረና አገር የተገላቢጦሽ ችግር አለ። አርብቶ አደሩ በቀድሞ ዘመን አሮጌውን ሣር በየጊዜው እያቃጠለ ግጦሹን ያድስ፥ ቍጥቋጦውንም ያስታግሥ ነበር። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እሳት መልቀቅ በመንግሥት ከተከለከለ ወዲህ ፉሌንሳና ሰጰንሳ የተባሉትን የመሳሰሉ እሾኻማ የግራር ወገኖች ሜዳውን ወረሩት፤ ከብቱም ሣር አጣ። ጥላ የሚሰጠውና ዘመን ያስቈጠረው ዛፍ ለከሰል ይወድቃል፤ ማንም የማይፈልገው ቍጥቋጦ ግን ሜዳውን ይዞ ይኖራል። ሁለቱን ችግሮች አገናኝቶ አንዱን በሌላው መፍታት ይቻል እንደ ሆነ ለመመርመር ሌሎች አገሮች ያደረጉትን ማየት ይጠቅማል።

የእንጨት እንክብል ምድጃ

በ1973 እ.ኤ.አ. የነዳጅ ዘይት ዋጋ በዓለም ላይ በድንገት ባሻቀበ ጊዜ በብርድ አገር ያሉ ሕዝቦች ቤታቸውን የሚያሞቁበት ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። በእንጨት መሰንጠቂያዎች ዘንድ ተከምሮ የሚበሰብሰውን ሰጋቱራ አድርቀው በብርቱ ኀይል በወንፊት መሰል ብረት ቀዳዳ ሲያሳልፉት፥ በእንጨቱ ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ሙጫ በሙቀቱ ቀልጦ ራሱን በራሱ ያጣብቀዋል። እንዲህ ሆኖ የሚወጣው ውፍረቱ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ እንክብል ፔሌት ይባላል። እርጥበቱ ከመቶ ዐሥር እጅ አይደርስም፤ ዐመዱም በጣም ጥቂት ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጄሪ ዊትፊልድ የተባለ የአውሮፕላን መሐንዲስ በአሜሪካ በዋሽንግተን ክፍለ አገር ይህን እንክብል የሚያነድ የቤት ምድጃ ሠራ፤ ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ቤት የሚሞቀው በዚህ ዓይነት ምድጃ ነው።

አሠራሩ ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ከምድጃው በላይ ወይም በስተ ኋላ እንክብሉ የሚጠራቀምበት ሣጥን አለ። ከሥሩ እንደ ሥጋ መፍጫ ጠመዝማዛ ያለ ብረት ቀስ ብሎ እየዞረ እንክብሉን በልክ በልኩ ወደ ትንሽ የመቃጠያ ገንዳ ይጥለዋል። ማራገቢያ ከሥር አየር ይሰጠዋል፤ የተቃጠለው አየርም በቱቦ ተስቦ ከቤት ውጭ ይወጣል። ሌላ ማራገቢያ ደግሞ በጋለው ብረት ዙሪያ ንጹሑን የቤት አየር አሙቆ ወደ ክፍሉ ይመልሰዋል። ዋናው ጥበብ እዚህ ላይ ነው፤ ሰው የሚሞቀው አየርና እሳቱ የሚተነፍሰው አየር ፈጽሞ አይገናኙም።

ነገር ግን ይህም ምድጃ ጕድለት አለው። ጠመዝማዛውና ማራገቢያዎቹ የሚዞሩት በኤሌክትሪክ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ እሳቱም ይጠፋል። እንክብሉ ውሃ ከነካው ይፈራርሳል። ብዙ እንክብል በተዘጋ መጋዘን ሲከማች ሳይነድም እንኳ ያንኑ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ በጀርመን በ2010፥ በስዊስም በ2011 እ.ኤ.አ. ወደ እንዲህ ያለ መጋዘን የገቡ ሰዎች ሞተዋል። ዕቃው ምንም ያህል የተራቀቀ ቢሆን ጥንቃቄን አይተካም።

ለእኛ የሚስማማው

የአውሮፓ ምድጃ እንዳለ መጥቶ በነገሌ ይቁም አንልም። ዋጋው ለብዙ ቤተ ሰብ የሚቻል አይደለም፤ መብራትም ሲጠፋ ሥራውን ያቆማል። ሆኖም የተሠራበት ሐሳብ ሦስት ነው፤ ማገዶው ደረቅ ይሁን፥ እሳቱ በቂ አየር ያግኝ፥ የተቃጠለው አየር ከቤት ይውጣ። እነዚህ ሦስቱ በጭቃም በሲሚንቶም በቆርቆሮም ሊፈጸሙ ይችላሉ። በየእንጨት መሰንጠቂያው አጠገብ የኖረ ሰው የሰጋቱራን ምድጃ ያውቃል፤ በጣሳ ውስጥ ሰጋቱራው ተጠቅጥቆ መካከሉ ክፍት ይተውለታል፥ ከሥሩም አየር ይገባል። በሐሳብ ከፔሌት ምድጃ ሩቅ ዘመዱ ነው፤ የሚጎድለው የጢስ ማውጫው ብቻ ነው።

ለእንክብል የሚሆን ነገርም በደቡቡ አገር አይታጣም። በጉጂና በጌዴኦ ቡና በደረቁ ሲፈለፈል የሚወጣው ገለባ ከንጹሑ ቡና ጋር የተቀራረበ ክብደት አለው። ሜዳውን የወረረው ቍጥቋጦም ከአርብቶ አደሩ ጋር በመስማማት ተመንጥሮ፥ ተፈጭቶና ተጨምቆ ማገዶ ቢሆን ሣሩ ቦታውን ያገኛል፥ ጥዱም ያርፋል። ነገር ግን ምድጃ ማደል ብቻውን እንደማይበቃ ከሩዋንዳ እንማራለን። በዚያ አንድ ኩባንያ እንክብል ለሚገዙት ቤተ ሰቦች ጥሩ ጥሩ ምድጃ በነፃ ይሰጥ ነበር፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ግን ሥራው ቆመ። ማገዶው በየጊዜው በተመጣጣኝ ዋጋ ካልተገኘ ምድጃው ባዶ ብረት ነው።

ኤሌክትሪክም ተስፋ የሚሰጥ ነው። ከነገሌ ብዙም ሳይርቅ በገናሌ ወንዝ ላይ የተሠራውና በጥር 2012 ዓ.ም. የተመረቀው ገናሌ ዳዋ 3 የኀይል ማመንጫ 254 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። መስመሩ በገባበት ቤት ምጣዱም ማሞቂያውም በመብራት ቢሆን ከሁሉ የሚሻለው እርሱ ነው። እስከዚያው ግን በእጃችን ያለውን ማሻሻል ይገባናል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው ምርጥ የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ይቈጥባል። ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃም ከተራው የቆርቆሮ ማንደጃ ከሰል ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ላቀች ከሰል ይቈጥባል እንጂ መርዙን አያስቀርም፤ በተዘጋ ክፍል ከሌላው ማንደጃ የተለየ ምሕረት የለውም።

ለአባ ወራና ለእመቤት

በመጀመሪያ፥ ከሰል ወይም ረመጥ በቤት ውስጥ አስቀምጦ መተኛት ፈጽሞ አይገባም። ክፍሉን ማሞቅ ግድ ከሆነ መስኮት ገርበብ አድርጎ ማሞቅ፥ ከመኝታም በፊት ማንደጃውን ወደ ደጅ አውጥቶ ቤቱን ማናፈስ ነው።

ሁለተኛ፥ ከሰሉ የሚቀጣጠለው ደጅ ይሁን። ማዕድ ቤቱም ከታች አየር የሚገባበት፥ ከጣራው ሥር የሚወጣበት ቀዳዳ ይኑረው። ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ አንዱ ቀዳዳ ያለ ሌላው ሥራውን በሚገባ አይፈጽምም።

ሦስተኛ፥ ማገዶ በቦና ወራት ተፈልጦ፥ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ተደርድሮ፥ ዝናም በማያገኘው ቦታ ይድረቅ። እርጥብ እንጨት ሙቀቱን የሚጨርሰው የራሱን ውሃ በማፍላት ነው፤ ለድስቱ የሚተርፈው ጥቂት፥ ለዐይን የሚተርፈው ጢስ ብዙ ነው።

አራተኛ፥ ከክፍሉ ይልቅ ሰውን ማሞቅ ይቀላል። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ መሥራት፥ የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃ መምረግ፥ ጋቢና ብርድ ልብስ መደረብ፥ የጋለ ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልሎ በእግር በኩል ማኖር እሳት ሳያስፈልግ ሌሊቱን ያሳልፋል። ስንጥቅ የተመረገበት ቤት ግን እሳት ቢገባበት ከቀድሞው የባሰ አደገኛ መሆኑ አይዘንጋ።

አምስተኛ፥ አራስ ቤት ልዩ ጥንቃቄ ያሻዋል። እናትና ልጅ ለክርስትናው ቀን በጤና እንዲደርሱ የሚሹ ዘመዶች በሩን ዘግተው ከሰል ሲጨምሩ፥ በፍቅር ብዛት የሚወዱትን ሊያጡ ይችላሉ። ሕፃን በእናቱ ዕቅፍ ውስጥ ከማንደጃ ይልቅ ይሞቃል። የወይባ ጢስ የምትሞቅ ሴትም ብቻዋን በተዘጋ ክፍል አትሁን።

ስድስተኛ፥ በከሰል የተጎዳ ሰው በተገኘ ጊዜ አስቀድሞ በርና መስኮት ይከፈት፤ የሚረዳው ሰው ራሱም በዚያ አየር እንዳይወድቅ ፈጥኖ ሕመምተኛውን ወደ ደጅ ያውጣ። ራሱን ለሳተ ሰው ወተት ወይም ውሃ ማጠጣት ያንቀዋል እንጂ አይጠቅመውም። ቢነቃም ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። መርዙ በተራ አየር ከደሙ እኩሌታው እስኪወጣ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ ኦክሲጅን ከተሰጠው ግን በአንድ ሰዓት ተኩል ግድም እኩሌታው ይወጣል። በአንድ ቤት ያሉ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፥ ምግቡን ከመጠርጠር አስቀድሞ እሳቱን መጠርጠር ይገባል።

ክቡራን አንባብያን፥ ማታ ከጸሎት በኋላ በር ሲዘጋ፥ ማንደጃው ደጅ መሆኑን የሚያይ አንድ ሰው በየቤቱ ይመደብ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አዲስ ምድጃም አይጠብቅም። እግዚአብሔር ይጠብቀን ብሎ የጸለየ ሰው የተሰጠውን ልቡና ለጥበቃው ቢያውለው ጸሎቱን በሥራ አጸና እንጂ እምነቱ ጎደለ አይባልም። በጎረቤት ያለ ብቸኛ ተማሪ፥ ከሩቅ የመጣ እንግዳ፥ አዲስ የወለደች እናት ይህን ምክር ያልሰሙ ይሆናሉና፥ ያነበበ ላላነበበው ይንገር። ጋቢ የሚያበድር ጎረቤት የሰው ነፍስ ሊያተርፍ ይችላል።

ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን እሳት ያዳነ አምላክ ቤታችንን ሁሉ ከሚታየውም ከማይታየውም እሳት ይጠብቅልን፤ አሜን።